ሬቫ ያስመጣችው ምርመራ

በሃስኪንስ ካውንቲ ሬቫ ስቲልትነርን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሬቫም ሽንቱን የማታውቀው ሰው ጥቂት ነው። ቀልድ አይደለም። ከከሰል ጉድጓድ ወገቡ ተሰብሮ የወጣው አባት፣ የአባቱን የሕመም ማስታገሻ እየሰረቀ የለመደው ልጅ፣ ወንድሟን አድናለሁ ብላ ራሷ የገባችበት እህት፣ ሁሉም አንድ ቀን ስማቸው የተለጠፈበት ብልቃጥ ሆነው በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ መስኮት ገብተው ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጠዋል። ማን ምን እንደወሰደ ታውቃለች። ለማንም አትናገርም። ሕጉ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም ሬቫ ወሬ ከአፏ የሚያመልጣት ሴት አይደለችም።

ስለዚህ ሰው ያከብራታል፤ ይፈራታልም። ገበያ ውስጥ ጋሪ ለጋሪ ሲገናኙ «ሚስ ሬቫ፣ እንደምን አሉ?» ይሏትና ዓይናቸውን ቶሎ ወደ ድንቹ ይመልሳሉ። የሥራ ባልደረባዋ ዴልማር፣ የጡረታ ጊዜው አልፎ አልወጣም ብሎ ያስቸገረ ሽማግሌ፣ በዚህ ነገር ሲስቅባት ይውላል።

«አይተሻቸዋል?» ይላታል። «ሰላም የሚሉሽ እኮ ፊኛቸውን ጨብጠው ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ ምን አለብኝ! የኔ ሽንት ቡና ብቻ ነው። ብትፈልጊ ጠጪው።»

«ዞር በል ከፊቴ፣ ባለጌ ሽማግሌ!» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። እንዲህ እየተባባሉ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አርጅተዋል።

ባሏ ሮይስ የከሰል ብናኝ ሳንባውን ጨርሶት ገና በጎልማሳነቱ ስለሞተባት፣ አንድ ልጇን ዳስቲንን ያሳደገችው ብቻዋን ነው። ዳስቲን አባቱ እንዲህ ሲያልፍ አይቶ ከሰል ጉድጓድ አልገባም አለ። ብልህ ልጅ! እንጨት መሰንጠቂያ ገባ። እዚያ ደግሞ ግንድ ትከሻው ላይ ወደቀበት፤ ሐኪም ኪኒን አዘዘለት፤ ኪኒኑ ሲከለከል ዱቄት ተተካ። በዚያ አገር ይህ ታሪክ ያልገባበት ቤት ስለሌለ ማንም አፉን ይዞ አይሰማውም።

ያን ጊዜ የዳስቲን ፍቅረኛ ኬንድራ ማውንትስ ነበረች፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሾፌር ልጅ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ እንደ ወፍ ቶሎ ቶሎ የምታወራ። ማን ማንን እንዳስጀመረ እግዜር ይወቅ። ሬቫ ግን ልጄን ያበላሸችብኝ እሷ ናት ብላ በልቧ ፈርዳ ጨርሳለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኬንድራ ዳስቲንን ደግፋ፣ ግማሽ ያህል እየጎተተች፣ ድንገተኛ ክፍል አመጣችው። ከንፈሩ ገርጥቷል፤ ዓይኑ አልገለጥ ብሏል። ለእናቱ «ትቻለሁ» ብሏት ስለነበር፣ ሬቫ ከላቦራቶሪው ሮጣ ስትመጣ የጠረጠረችው የሳንባ ምች ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መንደሩ ሁሉ የሰማውን እሷ አልሰማችም።

«ሚስ ሬቫ፣ ወስዷል» አለቻት ኬንድራ። «ዱቄቱን ነው የወሰደው። እዚያው ነበርኩ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«አንቺ ዝም በይ!»

ሐኪሙ የሽንት ምርመራ አዘዘ። ሬቫ ራሷ ሠራችው። የዚያን ጊዜው ምርመራ የድሮውን ነገር፣ ሞርፊንንና የሞርፊንን ዘመዶች፣ ያያል እንጂ ፌንታኒልን፣ ከሞርፊን እጅግ የሚበረታውን ሰው ሠራሽ ማደንዘዣ፣ አያይም። በሸለቆው የሚሸጠው ዱቄት ደግሞ ፌንታኒል ነው። ይህን ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ እንደ አባቱ ስም ያውቀዋል። ሬቫም ለተለማማጆች መጀመሪያ የምታስተምራቸው ይህንኑ ነበር፤ «ማሽን የሚመልሰው የጠየቃችሁትን ነው፤ ያልጠየቃችሁትን አይነግራችሁም» ትላቸዋለች። የዚያን ቀን ግን «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ሲወጣ ያነበበችው ባለሙያዋ ሳትሆን እናትየዋ ነበረች። ወረቀቱን ይዛ ሮጣ ኬንድራ ፊት አውለበለበችው።

«አየሽ? የለበትም! ሌሊት እየሠራ ደክሞት ነው! ውሸታም!»

ኬንድራ አለቀሰች። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ የሬቫን ፊት አየ፤ ልጁን ወደ ቤቱ ሸኘው። ሬቫ ባቄላ ቀቅላ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ አበላችውና አስተኛችው። በማግስቱ ለምሳ ልትጠራው ስትገባ ቀዝቅዞ አገኘችው።

ከዚያ ወዲህ ሬቫ ኬንድራን ማየት አልቻለችም። ዋሽታ ቢሆን ይቅር ትላት ነበር። የጠላቻት እውነቱን ስለነገረቻት ነው፤ ሰው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጠላት ምሕረት የለውም።

ሐዘኗን የት ታድርገው? ፌንታኒልን የሚያይ ምርመራ ላይ አደረገችው። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪዎች «እናያለን» ሲሏት፣ የዳስቲንን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ስብሰባቸው መሃል ትገባለች። አንዱ «ሚስ ሬቫ፣ እኛ እኮ ትንሽ ሆስፒታል ነን» ሲላት፣ «መቃብሩ ግን ትንሽ አይደለም» አለችው። ሰው በሬሳ ሳጥን ፊት እንደሚያፍረው አፈረ። ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ምርመራው ገባ። ዴልማር ኬክ አመጣ፤ የዳስቲንን ፎቶም ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ሐኪሞቹም ሳይቀሩ «የዳስቲን ምርመራ» ይሉት ጀመር።

ሰውም አትርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ከጓደኛዬ አንድ የእንቅልፍ ኪኒን ነው የወሰድኩት ብሎ የመጣ ጎረምሳ ፌንታኒል ተገኝቶበት፣ ሳይሸኙት አሳድረው፣ ትንፋሹ ሲቆም አጠገቡ ስለነበሩ መልሰውታል። የልጁ እናት ሬቫን የመኪና ማቆሚያው ላይ አቅፋ ስታለቅስ፣ ሬቫ አብራ አላለቀሰችም። ቤቷ ገብታ ብቻዋን አለቀሰች። ለኔም ልጅ እንዲህ ተደርጎለት ቢሆን ብላ ነበር።

ኬንድራ በእነዚያ ዓመታት መጀመሪያ ጠፋች፤ ከዚያ ታሰረች፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሳ መጣች። ሱሱን የሚያስታግሰውን፣ ከምላስ ሥር የሚደረገውን መድኃኒት ጀምራ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የሴቶች ማገገሚያ ቤት ገብታ፣ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በየጊዜው ሽንቷ ይመጣል። ሬቫ ትመረምረዋለች። ከምትወስደው መድኃኒት በቀር ምንም የለበትም። ሁለት ክረምት እንዲሁ ንጹሕ ነበር። ሬቫ እያንዳንዱን ውጤት ስታሳልፍ ጥርሷን ነክሳ ነው።

በጸደይ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ እንደየዓመቱ የዱር ነጭ ሽንኩርት ግብዣ ነበር። ያ ነገር ከድንችና ከአሳማ ሥጋ ጋር ተጠብሶ ሲበላ ሳምንት ሙሉ አፍ ይሸታል፤ ሁሉም ስለሚሸት ግን ማንም ማንንም አይሸሽም። ኬንድራ ሆዷ ገፍቶ ሳህኗን ይዛ ሬቫ አጠገብ መጣች። የልጁ አባት ገና በሦስተኛው ወር ጥሏት ሄዷል።

«ሚስ ሬቫ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና።»

«ሴት ናት አሉኝ። ዊላ ልላት ነው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች ሬቫ፣ ድንቹን እያየች።

«ዳስቲን ቢኖር ኖሮ...»

«ስሙን አታንሺ!» ሬቫ ሹካዋን አስቀመጠች። «አንቺ ተርፈሽ ትበያለሽ፣ ትወልጃለሽ። እሱ አፈር በልቷል። ስሙን እንኳ ተዪለት።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለ ሽንኩርቱ ማውራት ጀመሩ። ኬንድራ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እውነትዎን ነው» አለች። «ለምን እንደተረፍኩ እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ይችን ይዣለሁ። እሷን ይዤ እወጣለሁ ብያለሁ፤ እሷን ካጣሁ ግን ሚስ ሬቫ፣ ሌላ የምይዘው የለኝም።» ሳህኗን ሳትነካው አስቀምጣ ወጣች።

በግንቦት መጨረሻ ምጥ መጣ። እንደሷ በሕክምና ላይ ያለች ሴት ስትወልድ ሽንቷ እንዲመረመር የሆስፒታሉ ደንብ ነው። ብልቃጡ ከማዋለጃ ክፍል ወደ ማታ ግድም ደረሰ። ዴልማር ስሙን አንብቦ ሬቫን አየት አደረጋትና፣ «እኔ ልሥራው?» አላት።

«ለምን? እጅ የለኝም?»

ማሽኑ ከምትወስደው መድኃኒት ሌላ አንድ ነገር አገኘ። ፌንታኒል። ሬቫ ደገመችው። ፌንታኒል። ቁጭ አለች። የተሰማትን መደበቅ አይገባም፤ ደስ አላት። ሐሞት ሐሞት የሚል ደስታ ነበር፤ ግን ደስታ ነበር። ቀና ብላ የልጇን ፎቶ እያየች «ይኸው እንግዲህ» አለች። ዴልማር ሰማት።

በላቦራቶሪ ከባድ ውጤት በስልክ ሲነገር ወግ አለው። ተናጋሪው ስሙንና ውጤቱን ይናገራል፤ ሰሚው ቃል በቃል ይደግማል፤ ካልደገመ ስልኩ አይዘጋም። ማዋለጃ ክፍል ስልኩን ያነሳችው ነርሷ ጆሊን ነበረች።

«ኬንድራ ማውንትስ። ፌንታኒል ተገኝቷል። ድገሚልኝ።»

«ወይኔ ጉዷ!» አለች ጆሊን። «ሕፃኗ እኮ አሁን መወለዷ ነው። ኬንድራ ማውንትስ፣ ፌንታኒል ተገኝቷል።»

«ልክ ነው።»

ሕፃኗ ትንሽ ትንሽ ትንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ የምትወስደው መድኃኒት እንዲህ እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃሉ፤ ነገር ግን ወረቀቱ ከመጣ በኋላ መንቀጥቀጡም ምስክር ሆነ። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኞቹ በማግስቱ መጡ። ዊላን ሌላ ካውንቲ ለሚኖሩ አሳዳጊዎች ሰጧት። የማገገሚያው ቤትም ሕግ አለው፤ የተገኘበት ሰው አያድርም። የኬንድራን ልብስ በላስቲክ ከረጢት አድርገው በረንዳው ላይ አስቀመጡላት።

ወተቷ ሸሚዟን አርሶት የላቦራቶሪውን መስኮት መጥታ መታች።

«ሚስ ሬቫ! ይድገሙት፣ እባክዎ!»

«ደግሜዋለሁ።»

«ሌላ ይውሰዱ! ደሜን ይውሰዱ!»

«የዚያን ቀኑ ሽንት ትልቁ ላቦራቶሪ ተልኳል። እነሱ ያጣሩታል።»

«ምንም አልወሰድኩም። ሚስ ሬቫ፣ ስሙን አታንሺ ብለውኛል፤ ግን ሌላ የምምልበት የለኝም። በዳስቲን አጥንት ይዤዎታለሁ፣ ምንም አልወሰድኩም!»

ሬቫ መስታወቱን ስባ ዘጋችው። ከሳምንት በኋላ የትልቁ ላቦራቶሪ መልስ መጣ፤ ፌንታኒል በእርግጥ አለ። ሬቫ ወረቀቱን ለዴልማር አሳየችው።

«አየህ? ማሽን ሰው አይጠላም፣ አይወድም» አለችው።

«እሱማ አይጠላም» አለ ዴልማር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሽንት ቀልድ አልቀለደባትም።

ሐምሌ ላይ ነው ነገሩ የወጣው። ሬቫ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ጥግ ተቀምጣ፣ እዚያ አገር የከሰል ቆፋሪ ሁሉ ይዞ የሚወርደውን ቋሊማ የተጋገረበት ዳቦ ትበላለች። ከጎኗ ጆሊን አዲስ ለተቀጠረች ነርስ ሥራ ታለማምዳለች።

«ምጥ የያዛትን ሴትዮ ብልቃጥ ይዘሽ ሽንት ቤት አታንከራቺያት፤ ኃጢአት ነው» ትላታለች። «እኛ እንደሱ አናደርግም። ወገቧ ላይ ስትወጋ ከወገብ በታች ትደነዝዛለች፤ ያን ጊዜ የሽንት ቱቦ ይገባላታል። ከቱቦው ቀድተሽ ትልኪያለሽ። እሷም አትጉላላ፣ አንቺም አትጉላዪ።»

ሬቫ ዳቦውን አስቀመጠች።

«ጆሊን፣ የወገብ መርፌው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

«ማደንዘዣ ነዋ!»

«ከማደንዘዣው ጋርስ?»

«ከሱ ጋርማ ትንሽ...» ጆሊን ቃሉን አልጨረሰችውም። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከማደንዘዣው ጋር ትንሽ ፌንታኒል ይጨመራል። ለምጥ እንዲያግዝ፣ ለሴቱ ሁሉ፣ ሁልጊዜ። ኬንድራ ይህን አታውቅም ነበር፤ መርፌ ሲወጓት የሰማችው «የሚያደነዝዝ ነገር ነው» ሲሏት ብቻ ነው፤ ስለዚህ «እናንተው ናችሁ የሰጣችሁኝ» ማለት አልቻለችም። ነርሶቹ ያዘኑላት መስሏቸው ከመርፌው በኋላ ከቱቦ ቀዱ። ሬቫ ከየት፣ መቼ እንደተቀዳ ሳትጠይቅ መረመረች። ትልቁ ላቦራቶሪም ያንኑ ሽንት አጣርቶ «አለ» ብሎ መለሰ፤ ነበረ እኮ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሆስፒታሉ በመርፌ ሰጣት፤ ሆስፒታሉ በወረቀት ልጇን ቀማት።

ሬቫ ወርዳ በኬንድራ መዝገብ ላይ ሰዓቱን አየች። ወገቧን የተወጋችው ከምሳ በፊት፤ ሽንቱ የተቀዳው ከምሳ በኋላ። የማደንዘዣ ሐኪሙ የጻፈው በሌላ ገጽ ላይ ስለሆነ ሁለቱን አጠጋግቶ ያየ ሰው አልነበረም። ማጠጋጋት ደግሞ ከባድ ሥራ አልነበረም፤ የፈለገ ሰው ብቻ ነበር የጎደለው። እሷ ደግሞ አልፈለገችም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንደ እንስሳ ድምፅ አወጣች፤ ዴልማር በሩን ዘጋላት።

ከዚያ በኋላ ያልገባችበት ቢሮ የለም። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሐኪም «ሚስ ሬቫ፣ ውጤቱ እኮ ስሕተት አይደለም፤ ፌንታኒሉ ነበረ» አላት።

«ነበረ! እኛው ነን የሰጠናት! ሌባ አለ ብዬ የጮህኩት የራሴን እጅ ኪሷ ውስጥ አግኝቼ ነው!»

ጠበቆች ተቀመጡ፤ ሐኪሞች ተቀመጡ፤ ተነሡ፤ እንደገና ተቀመጡ። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። በመጨረሻ የታረመ ውጤት ወጣ። ላቦራቶሪ ውስጥ የተጻፈ አይፋቅም፤ አዲሱ ከላይ ይጻፋል፣ አሮጌው ከሥሩ ይቀመጣል። አንድ አዲስ ደንብም ወጣ፤ ከእንግዲህ ውጤት በስልክ የሚናገር ሁሉ አስቀድሞ «ሽንቱ ከመወሰዱ በፊት እዚሁ ሆስፒታል የተሰጠ መድኃኒት አለ?» ብሎ ይጠይቅ ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ጆሊን ማዋለጃው ክፍል ውስጥ መቆም አልቻለችምና ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ተዛወረች።

ሬቫ የታረመውን ወረቀትና አንድ ማሰሮ የፖም ማርማላታ ይዛ ኬንድራን ፍለጋ ሄደች። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ግን ለዚህ ነገር የሚሆን ስጦታ ምን አለ? ኬንድራ ከጅረቱ በላይ፣ አጎቷ ጥሎት በሄደ አሮጌ ተጎታች ቤት ውስጥ ነበረች። በዚያ ሙቀት እጀ ረጅም ሹራብ ለብሳ ወጣች። ሬቫ እጅጌውን አየችና የመርፌ ጠባሳ እንደሚሸፍን፣ ልጅቷም ወደ ዱቄቱ እንደተመለሰች ተረዳች።

«ሚስ ሬቫ?» አለች ኬንድራ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ልክ ነበርሽ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«መቼ? በየትኛው?»

«በሁለቱም» አለች ሬቫ። «በልጄም፣ በልጅሽም።» ከዚያ ስለ መርፌው፣ ስለ ቱቦው ነገረቻት።

ኬንድራ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰማች። ከዚያ ሳቀች፤ ያ የድሮው የወፍ ሳቋ ነበር፤ ከዚህ ይልቅ ብትጮህባት ለሬቫ ይሻላት ነበር።

«እኔ እኮ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር። ሳላውቅ ወስጄ ይሆን እንዴ፣ አብጄ ይሆን እንዴ እያልኩ። ሰው ሁሉ ወስደሻል ሲለኝ፣ ቤት ሲዘጋብኝ፣ ጡቴ ሲደርቅ... እንግዲያው ያሉኝን ልሁንላቸው አልኩና ሆንኩ።»

«ዳኛው ወረቀቱን ያያል። ይመልሱልሻል።»

«ዳኛው መጀመሪያ ምን ይላል፣ ሚስ ሬቫ? ብልቃጥ አምጡ ይላል። ያን ጊዜ ንጹሕ ነበርኩ። አሁን እስቲ መርምሩኝ!»

«ወደ ቤቴ ነይ። የዳስቲን ክፍል አለ። አብረን...»

«እዚያ አልጋ ላይ? እኔ እዚያ አልተኛም።» ማርማላታውን ተቀበለቻት። «ወረቀቱን እርስዎ ይያዙት። እዚህ ዝናብ ያስገባል።»

ኬንድራ እንዳለችው ሆነ። ዳኛው የታረመውን ውጤት አነበበ፤ በጣም አዘንኩ አለ፤ ማዘኑም እውነት ነበር። ከዚያ ሕፃን ወደ እናቷ ከመመለሷ በፊት አዲስ ምርመራ ያስፈልጋል አለ። ማን ይወቅሰዋል?

ኬንድራ በቀጠሮዋ ቀን ረፋድ ላይ መጣች። ፀጉሯን ታጥባ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ የሕፃን ካልሲ በእጇ ጨብጣ ነበር። ተመላላሽ ክፍል ሽንቷን ሰጥታ፣ ወደ ላቦራቶሪው መስኮት ጠጋ አለች።

«ሚስ ሬቫ፣ መድኃኒቴን መልሼ ጀምሬያለሁ። ያንን ደግሞ ከሐሙስ ወዲህ አልነካሁትም። በልጄ። ወጥቶልኝ ይሆን?»

ሬቫ መልሱን ታውቃለች። ወራት የወሰደ ሰውነት ፌንታኒልን በጥቂት ቀን አይለቅም፤ ሥቡ ውስጥ ደብቆ ያቆየዋል።

«እናያለን» አለቻት። ዓይኗን ወደ ብልቃጡ መለሰች፤ ሰዎች ገበያ ውስጥ እሷን ሲያዩ ወደ ድንቹ እንደሚያደርጉት።

ኬንድራ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዴልማር ካፖርቱን ለበሰ።

«እኔ ምሳ ልብላ» አለ። ምሳ ሰዓት አልነበረም። «ጥርስ የለኝም፤ ቀስ ብዬ ነው የምበላው። ማንም እንዳይገባ በሩን ቆልፌልሽ እሄዳለሁ።» ወጣ።

ሬቫ ምን እንዳላት ገብቷታል። ሽንት ቤቱ እዚያው ነው፤ አዲስ ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ሞልቷል፤ የሷ የራሷ ሽንት ደግሞ ቡና ብቻ ነው። አንድ ባዶ ብልቃጥ አንስታ ያዘች። ይህችን ልጅ እናቷ ዘንድ ለመመለስ የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «አልተገኘም»። ስለ ፍትሕ ከሆነ ይገባታል፤ ልጇን የቀማናት እኛ ነን።

ቀና ስትል ፎቶው ላይ ዓይኗ አረፈ። «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዛ ልጇን ከሆስፒታል ያወጣችው እሷ ናት። ባቄላ አብልታ ያስተኛችው እሷ ናት። አሁን ደግሞ ያንኑ ወረቀት፣ ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ ዱቄቱ ገና ያልለቀቃትን ሴትና አንዲት ሕፃን ይዘው እዚያ ተጎታች ቤት እንዲገቡ ትስጣቸው? ባዶውን ብልቃጥ መልሳ ደረደረችው። እግዜርን ተሳደበች፤ ሬቫ ከዚያ በፊት እግዜርን ተሳድባ አታውቅም።

የኬንድራን ሽንት ማሽኑ ውስጥ አስገባች። «ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ወጣ። ደገመችው። ወጣ። ስልኩን አንስታ ተመላላሽ ክፍል ደወለች፤ ጆሊን አነሳችው።

«ላቦራቶሪ ነው። ኬንድራ ማውንትስ።»

«እሺ ሚስ ሬቫ።»

«ሽንቱ ከመወሰዱ በፊት እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የተሰጣት መድኃኒት አለ?»

በመስታወቱ በኩል ኬንድራ አግዳሚው ላይ ሆና ለሬቫ ትታያታለች፤ ካልሲውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእጇ ታስተካክለዋለች።

«ምንም አልተሰጣትም» አለች ጆሊን።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምነው በተሰጣት ኖሮ።»

«ፌንታኒል ተገኝቷል። ድገሚልኝ።»

ከስልኩ ወዲያ ልቅሶ ብቻ ተሰማ።

«ድገሚልኝ የኔ ልጅ» አለች ሬቫ። «ካልደገምሽልኝ መዝጋት አልችልም።»

ጆሊን ደገመችላት።